አያቴ ያዩት ካሬ

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ ዝናብ ሲያጣድፈኝ ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት አንድ አዳራሽ ገባሁ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው፤ በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የበሰለ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ሽታ። ሙጫ በየሱቁ ሞልቶ እያለ ዛሬም ይህን የሚያበስል ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ሽታውን ተከትዬ ስሄድ፣ ጨለም ባለ ጥግ ላይ ነጫጭ ካርቶኖች በክር ተንጠልጥለው ከአንዲት አምፖል ፊት ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ መስመር ብቻ ይሆናል፣ ደግሞ ይከፈታል። ሌላ ምንም የለም። ከጎኔ የቆሙ ሁለት ሴቶች ስልካቸውን አውጥተው ትንሽ ቀረጹና፣ "ይኸ ደግሞ ምን ይባላል?" ተባብለው ወደ ሌሎቹ ሥዕሎች አለፉ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ዝናቡ አባራ፣ የሄድኩበት ቢሮም ተዘጋብኝ፣ አልተንቀሳቀስኩም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረው የሁዳዴ ጾም መጣብኝ።

ቀበሌያችን ከደብረ ኤልያስ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በዚያ ዓመት የእኔ ሥራ አያቴን መምራት ነበር። አያቴ መሪጌታ ስሜነህ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ፣ አገሩ ሁሉ "የኔታ" የሚላቸው ሰው ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ከሦስት ዓመት ወዲህ መጽሐፍ መያዝ ትተው ነበር። እናቴ ለዚህ ሥራ የመረጠችኝ ለሌላው ስለማልረባ ነው። ውኃ ስቀዳ ግማሹን መንገድ ላይ አፈሰዋለሁ፤ እንጨት ልቀሚ ስባል አንዱን ጭራሮ እያገላበጥኩ እቆማለሁ። መሪነቱ ግን ተስማማኝ። ከአያቴ ጋር ስንደርስ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል፤ እኔም የሚነሡት ለእኔ ይመስለኝ ነበር።

በጾሙ ወራት ደግሞ ተጨማሪ ሹመት ነበረኝ፤ ጥላ መለካት። ሰዓት አጥተን አይደለም፣ የአባቴ ስልክ አለ። አያቴ ግን የጾም ሰዓት ከስልክ አይወሰድም ባይ ነበሩ። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የራሴ ጥላ ጫፉ ያረፈበትን ሣር በዓይኔ ይዤ፣ የአንዱን እግሬን ተረከዝ ከሌላው እግሬ አውራ ጣት ጋር እያገጠምኩ እስከዚያ ድረስ እቆጥራለሁ። ሰባት ጫማ ከሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ይበላል።

"እኔ አጭር ነኝ፣ እርስዎ ረጅም ነዎት፤ እንዴት ሁለታችንም ሰባት እንሆናለን?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"እግርሽን የሰጠሽ ቁመትሽንም የሰጠሽ ነው። ለክቶ ነው የሰጠሽ" አሉኝ።

ሆዴ ሲጮኽ ግን ልክ የሚባለውን ነገር እረሳዋለሁ። አንድ ቀን እግሬን በእግሬ ላይ እያደራረብኩ ስድስቱን ሰባት አደረግሁና "ሞላ!" አልኳቸው። መዳፋቸውን ወደ ፀሐይዋ ዘርግተው ትንሽ ቆዩ።

"ትርንጎ፣ ከትናንት ወዲህ እግርሽ አጥሯል" አሉ። እስኪሞላ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ቆመን ጠበቅን፤ አልተቆጡኝም፣ ግን አልተቀመጡምም።

በዚያው ዓመት መምህር ነስሩ መጣ፤ ከወሎ በኩል፣ ሒሳብና ሥዕል ሊያስተምር። ያን ጊዜ "እሳቸው" ነበር የምለው። አሁን ሳስበው ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ ስለነበር አንቱታው ከአፌ አልወጣ ይለኛል። ሥዕል ሲባል እኛ አበባና አንበሳ ጠብቀን ነበር። እሱ ግን ባዶ የጠመኔ ካርቶን ሰብስቡልኝ አለን። ዱቄት በጣሳ አበሰለ፣ ካርቶኖቹን በሙጫው እየደራረበ አጠነከረ፣ ግማሾቹን በኖራ አነጣ፣ ግማሾቹን ከተጣለ የባትሪ ድንጋይ ባወጣው ጥቁር ቀባ። ከዚያ ትልቁን ካሬ መሀሉን ቆርጦ አወጣና በባዶው ውስጥ ትንሽ ካሬ አንጠለጠለ፣ በትንሹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ። ሁሉንም በየክሩ ከክፍላችን አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቀላቸው። መስኮቱ ላይ የመላጫ መስታወቱን አስደግፎ የከሰዓቱን ፀሐይ ወደ ካሬዎቹ መለሰው። ነፋስ ሽው ሲል ካርቶኖቹ ይዞራሉ፤ ኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ጥላቸው አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል።

"ቲቸር፣ ምንድን ነው?" አልነው።

"ካሬ ነው።"

"ሲያልቅስ ምን ይሆናል?"

"አልቋል።"

ክፍሉ በሙሉ አዘነለት። አንዱ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ የቋንጣ መስቀያ መሰለውና፣ በሁዳዴ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል ብሎ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሊጣላ ምንም አልቀረውም ነበር። እኔ ግን ገብቶኛል ብዬ አመንኩ። መምህር ነስሩ ሙስሊም ነው፣ እነሱም ይጾማሉ፤ ጾም ካለ ደግሞ ጥላ መለካት አለ። እኛ ጥላችንን በጫማ፣ እነሱ ደግሞ በካሬ የሚለኩ መሰለኝ። ይህን ግኝቴን ለአያቴ ስነግራቸው ተመስጠው ሰሙኝ።

"ይኸማ ሊማሩት የሚገባ ነገር ነው። ነገ ውሰጂኝ" አሉ።

ወሰድኳቸው። ትምህርት የግማሽ ቀን ስለነበር ከሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው። መምህር ነስሩ አያቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቀት ላይ አግዳሚ አስጠጋላቸው። የመጣንበትን ስነግረው ሳቁን ዋጠ።

"የኔታ፣ ምንም አይለካም። ብርሃንና ጥላ እንዲጫወቱ ብቻ ነው የሰቀልኩት" አላቸው።

አያቴ ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ መሀል ነፋስ ገባ፣ ካሬዎቹ መዞር ጀመሩ።

"ቆይ" አሉ። "ከፊቴ አንድ ነገር ጠበበ።"

መምህር ነስሩ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"አሁን ሰፋ። አሁን ደግሞ ሁለት ሆነ። ቆይ፣ ተመልሶ ገባ።"

እኔ መምህሬን አየሁት፣ እሱም እኔን አየኝ። የሚሉት ሁሉ ልክ ነበር። አያቴ ወደ ግድግዳው እንደተጠጉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልክ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር።

"የዚህችን ልጅ ፊት ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው" አሉት። "ፊት ብዙ ነገር አለበት፤ ዓይን አለ፣ አፍ አለ፣ ሁሉም ይደባለቅብኛል። ይኸ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ይኸውና አየዋለሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት አያቴን ወደ ካሬው እወስዳለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አያቴ ፈታኝ ሆነው አረፉት። "የታችኛው ሰነፍ ነው፣ ክሩን አስረዝምለት" ይላሉ። "ጥቁሩን ጨምርበት፣ ነጩ ዋጠው" ይላሉ። መምህር ነስሩም እሺ እያለ ያወርዳል፣ ይቀባል፣ መልሶ ይሰቅላል። እንዲህ ያለ ደስታ በቤታችን ከታየ ሰንብቷል። አንድ ቀን ውጭ ወጥቼ ለክቼ፣ "አባባ፣ ሰባት ሞልቶ አልፏል፣ እንብላ እንጂ" ስላቸው፣ "ይኸን አንድ ዙር ብቻ" አሉኝ። ጾም የሚያስረሳ ነገር ስላገኙ ቀናሁባቸው።

የጾሙ እኩሌታ ሲያልፍ፣ የዓይን ሐኪሞች ደብረ ማርቆስ ሊመጡ ነው፣ ሞራ በነጻ ሊገፍፉ ነው ተባለ። ሰኞ ዕለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እመቤት፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ካለው ዋርካ ሥር ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች። አርባ የሚሆን ሰው ተሰለፈ። ከፊታችን የነበሩት ሽማግሌ፣ "ጉም ጉም ይለኛል፣ ሰው ሲያልፍ ጥላውን አያለሁ" አሏት። ጻፈችና፣ "እዚያ ማዶ፣ ግድግዳው ሥር ይቁሙ" አለቻቸው። ቀጥለው አንዲት አሮጊት፣ "እኔስ ድፍን ጨለማ ነው፣ ልጄ" አሉ። እመቤት እጃቸውን ይዛ ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ምሥጢሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ትንሽ የሚያይ ግድግዳ ሥር ይጣላል፤ ምንም የማያይ ወንበር ይሰጠዋል።

በእኛ አገር መዝገብ ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ ነገር አይነገርም። ከብት ሲቆጠር ሁለት በሬ ያለው አንድ አለኝ ይላል። እኔ ራሴ ደብተር ሲታደል ሁለት እያለኝ የለኝም ብዬ ሦስተኛ ወስጃለሁ። መዝጋቢ ፊት ያለን ነገር ማሳነስ እንደ ወግ እንጂ እንደ ውሸት አይቆጠርም። ስለዚህ የአያቴን ነጠላ ጎተት አድርጌ አጎነበስኳቸውና በጆሯቸው፣ "አባባ፣ ትንሽ አያለሁ ያሉትን እየጣለቻቸው ነው። ምንም አላይም ይበሉ" አልኳቸው።

እመቤት የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ዓይናቸው አስጠጋች። "የኔታ፣ ብርሃኑ ይታይዎታል?"

ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ቅንድባቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። "ምንም" አሉ።

"ጭላንጭል እንኳ?"

"ድፍን ነው።"

እመቤት ተነፈሰችና ወንበር ሰጠቻቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ኮራሁ። ከእኛ በኋላ የመጡ ሦስት አራት ሰዎችም ድፍን ነው እያሉ ወንበር ወሰዱ።

ሰልፉ ሲያልቅ እመቤት ደብተሯን ዘግታ ወደ ባለ ወንበሮቹ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። ብርሃን የሚለይ ዓይን ሞራው ሲገፈፍ ይበራል። ብርሃንን ጭራሽ የማያይ ከሆነ ግን የታመመው ከሞራው በስተጀርባ ነው፣ ይህ ሕክምና አይረዳውም፤ እስከ ደብረ ማርቆስ ወስዳ ተስፋ ልታስቆርጣቸው አትፈልግም። ግድግዳ ሥር የቆሙት ናቸው የሚሄዱት። ወንበሩ የማዘን ወንበር ነበር።

"ያያሉ!" ብዬ ጮኽኩ። "አያቴ ያያሉ!"

አያቴ ክንዴን ያዙኝ። "ዝም በይ" አሉ፣ ተነሥተውም መንገድ ጀመሩ።

መንገድ ላይ ለመንኳቸው። እንመለስ፣ ይንገሯት አልኩ። አያቴ ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የመለሱልኝ። "አርባ ሰው ፊት ምንም አላይም ብያለሁ። ከእነሱ ስንቱ ተማሪዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ተናገሩ እያልኩ አስተምሬ፣ አሁን ለዓይኔ ብዬ ዋሽቼ ነበር ልበላቸው?" አሉ። ዓይናቸውን ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ሆዴ ያውቃል። ያን ቀን ሰባት ጫማ ሞልቶ እንኳ እህል አልወርድ አለኝ።

በነጋታው ለመምህር ነስሩ እያለቀስኩ ነገርኩት፤ በጆሯቸው ያልኩትን ግን ዘለልኩት። መኪናው የሚሄደው ሐሙስ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩለት። "እመቤት ከበሩ ኋላ ትደበቅ። አባባ እንደ ልማዳቸው ጠበበ፣ ሰፋ ሲሉ ትሰማቸዋለች።"

"ሽማግሌ ሰው እንደ ሌባ ተደብቆ አይያዝም" አለኝ። ሄዶ እመቤትን ጠራት፤ አያቴም ሲመጡ በግልጽ፣ "የኔታ፣ እመቤት እዚህ አለች" አላቸው።

አያቴ ሰላም አሏትና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው፣ አፋቸው ግን ተዘግቷል። ካሬዎቹ ዞሩ፣ ጠበቡ፣ ሰፉ። እንደሌላው ቀን ማንም ሰነፍ አልተባለም።

"የኔታ፣ ለሚሄዱት ወረቀት የምሰጠው ነገ ነው። ስምዎን ብጨምረው ደስ ይለኛል" አለቻቸው እመቤት።

"ያልኩትን ብያለሁ፣ ልጄ።"

መምህር ነስሩ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ከካሬዎቹ አጠገብ ቆመና፣ መካከለኛውን በሁለት ጣቱ ያዘው። ግድግዳው ላይ ያለው ጥላ ቀጥ አለ።

"ምነው አቆምኸው?" አሉ አያቴ።

ክር ድምፅ የለውም። ነፋሱም እንደነበረ ነው። መምህሬ ካሬውን አልለቀቀም፣ እመቤትም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። አያቴ ከአፋቸው የወጣው ነገር እስኪገባቸው ጥቂት ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ የነበረው ግን በሳቅ ነው። መምህር ነስሩ አስቦበት ይሁን ሳያስበው አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም።

እመቤት ደብተሯን ስትገልጥ ወረቀቱን ሰሙት። "አይሆንም" አሉ። "አርባ ሰው ፊት የዋሸሁትን እዚህ ጓዳ ውስጥ አላስፍቀውም። ነገ እዚያው ቆሜ እናገራለሁ።"

ሁሉም ደስ አለው፣ ከእኔ በቀር። አያቴ አንዴ እውነት ልናገር ካሉ ጎዶሎ አይናገሩም። ማን እንደመከራቸውም ይናገራሉ፤ አገሩ ሁሉ የየኔታን ዓይን ልታጠፋ የነበረች ልጅ ይለኛል። ረቡዕ ጠዋት ሆዴን አመመኝ አልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳስሳ፣ "ደህና ነሽ፣ ሂጂ" አለችኝ።

ዋርካው ሥር የሰኞው ሰው ሁሉ ነበር። አያቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሌላ ጊዜ ሲናገሩ ነገር ያሳምራሉ፤ ያን ቀን አላሳመሩም።

"ሰኞ ዕለት ለእመቤት ምንም አላይም ብያት ነበር። ዋሽቼ ነው። ብርሃን አያለሁ፣ ጥላም አያለሁ። ዋሽቻችኋለሁና ይቅር በሉኝ።"

እኔ የእግሬን ጣቶች እያየሁ ስሜ እስኪነሣ እጠብቃለሁ። ከባለ ወንበሮቹ መካከል አንዲት መነኩሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲያው እኔም ጥቂት ጥቂት ይለኛል። ሲነጋ መስኮቴን አውቀዋለሁ" አሉ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ፣ "እኔም ብሆን" አሉ። ሦስተኛም ተጨመሩ። ሰኞ ዕለት "ድፍን ጨለማ ነው" ያሉት የመጀመሪያዋ አሮጊት ብቻ ዝም አሉ፤ የእሳቸው እውነት ነበር። መነኩሴዋ እጃቸውን ፈልገው ያዙላቸው።

እመቤት መቆጣትም መሳቅም አቅቷት እስክሪብቶዋን አነሣች። "ምነው እናንተ! ቆይ፣ ማዶ የቆሙት ተጣሉ ብሎ ማን ነገራችሁ?"

"እኛማ የኔታ ድፍን ነው ሲሉ ሰምተን ነው። የኔታ እንዲያ ካሉ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብለን" አሉ ሽማግሌው።

እመቤት ወደ አያቴ ዞረች። "እርስዎስ፣ የኔታ? ለእርስዎ ማን ነገረዎት?"

አያቴ እንደ ወትሯቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"ማንም አልነገረኝ" አሉ። "ራሴ አይቼ ነው።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ ድፍን ነው ያሉት ሰው ያን ሁሉ ርቀት አሻግረው ግድግዳ ሥር ማን እንደቆመ አዩ። እመቤት እየሳቀች ስማቸውን ጻፈች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ጣታቸው ትከሻዬን አንዴ ጫን አለኝና ተመልሶ ቀለለ።

ሐሙስ ሄዱ። ከሆሣዕና በፊት የቀኝ ዓይናቸው በርቶ ተመለሱ። ፊቴን አገላብጠው አይተው፣ "አፍንጫሽ የእናትሽ ነው፣ ምን ይደረጋል" አሉኝ። ክፍላችን ድረስ ብቻቸውን ሄደው የመምህር ነስሩን ካሬ በእጃቸው ዳሰሱት፤ "ካርቶን ነው እንዴ? እኔ እኮ ከባድ ነገር ይመስለኝ ነበር" አሉና፣ እንዲያም ሆኖ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አንድ ሁለት ዙር አዩ።

የሰኞዋን ውሸት አርባ ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀውባታል። የረቡዕዋን ግን ለማንም አላረሟትም፣ ከእኔም ጋር ስንሆን አንሥተዋት አያውቁም። እኔም በጆሯቸው ያልኩትን ለሰው ስናገር ይኸው ዛሬ መጀመሪያዬ ነው።